«እሱን ስጭኝ»

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ። የምትሰሙት ጩኸት ዝናብ ነው። ክረምት ደሴ ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ አልታየም፣ ጉሙ ሰፈሩን ውጦታል። ቆርቆሮው እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን ነገሩ ሦስት ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ከረመ፣ ዛሬ ካልተናገርኩት አልናገረውም።

ማዳበሪያው ተከፈተ።

አዎ፣ ያ እማዬ የቤቱን ወረቀት ሁሉ ያጨቀችበት የማዳበሪያ ጆንያ። «መቼ ነው የምትከፍቱት?» እያላችሁ ስትጽፉልኝ የከረማችሁ ሁሉ፣ እሁድ ዕለት ከፈትነው። ወንድሜ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ መጣ፤ አራት ክላሰር፣ አንድ እሽግ ካኪ ፖስታና ማርከር ይዞ። እሱ ሲመጣ ቤታችን ቢሮ እንደሚሆን ከዚህ በፊት ነግሬያችኋለሁ። ጫማውን ሳያወልቅ ነው «ካርቶን አለ?» ያለው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ እውነቱን ለመናገርም ጥሩ ነው። መቼም የማይጣል ለብቻው ይቀመጣል፦ የቤቱ ካርታ፣ የእማዬና የአባዬ የጋብቻ ወረቀት፣ የእኛ የልደት ሰርተፍኬት፣ አባዬ ከሞተ በኋላ ፍርድ ቤት የሰጠን የወራሽነት ውሳኔ። በየዓመቱ የሚጨመር አለ፣ የቦታ ግብር ደረሰኝን የመሰለ፤ እሱ በየዓመቱ በአንድ ፖስታ ይገባል፣ ዓመቱ ፖስታው ላይ በትልቁ ይጻፋል። የተረፈው ካርቶን ውስጥ ይገባና ይጣላል። የ2003 የመብራት ቢል ምን ይሠራልናል? ዛሬ እኮ መብራቱንም ውሃውንም በቴሌብር ነው የምንከፍለው።

እዚህ ላይ ግን እማዬ አንድ ነገር አለች። «ያለፈው ሐምሌ ረሳችሁት?» አለች። አልረሳነውም። ባለፈው ሐምሌ ግብር ልንከፍል አንድ ቢሮ ሄደን «የ2006 ደረሰኝ የለም፣ አልከፈላችሁም» ተባልን። እነሱ ጋ መዝገቡ ላይ አልነበረም። እኛ ጋ ነበር። እማዬ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ አግኝታ ይዛው መጣች። የመስኮቱ ልጅ ዝም ብሎ አየው፣ አገላበጠው፣ ተቀበለ። ያቺ አንዲት ወረቀት ባትኖር ያንን ዓመት ደግመን ከቅጣት ጋር ልንከፍል ነበር። ስለዚህ «ጣይው» ስንላት የምታየን ዓይን አለ አይደል፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። እውነት አላት።

ደግሞ ስሙም አለ። ይሄን ሳልናገር አላልፍም፣ ብዙዎቻችሁ ላይ እንደደረሰ አውቃለሁና። ወንድሜ ፋይዳ ሊያወጣ ሲል የአባዬ ስም በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ «ሙሐመድ»፣ በትምህርት ቤቱ ካርድ «መሀመድ»፣ በቀበሌው መታወቂያ «ሙሀመድ» ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው፣ ሦስት ስም። እኛ የተወለድነው እንዲህ ያለ ምዝገባ ሳይኖር ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ የልደት የጋብቻ የሞት የመሳሰለው ማለት ነው፣ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ጆሮው ጻፈው። እና ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን ለማሳየት ምን አስፈለገ? ሌላ ወረቀት። የእህቴን ልጅ ግን በተወለደች በሁለት ወሯ አስመዘገብናት፣ ዘጠና ቀን ሳይሞላ፣ ስሟን በፊደል በፊደል እያየን። እሷ በዚህ አትሰቃይም፣ ኢንሻአላህ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። ኮፒ ቤት ያለው ልጅ «ላስደርግልሽ? አይበላሽም» ይላችኋል። አይበላሽም እውነት ነው፤ ግን ነገ ማህተም ይጨመርበት ቢባል ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይያዝም። እኔ አስደርጌ ዞሬያለሁ። ኮፒውን አስደርጉ፣ ዋናውን በፖስታ ደረቅ ቦታ አኑሩ። በደሴ እርጥበት ደረቅ ቦታ ከተገኘ ማለት ነው፤ የእኛ ቡፌ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው ሁሉ ሻግቶ ነው ያገኘነው።

እሺ። እየዞርኩ ነው፣ ይታወቀኛል።

ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ።

አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ነው። እማዬ ከረከቦቱ ኋላ ዱካዋ ላይ ናት። እኔ መሬት፣ ሰሌኑ ላይ፣ እግሬን ዘርግቼ። ወንድሜ መስኮቱ ጋ ካርታውን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ነው። ከአባዬ የባንክ ደብተር መሃል አንዲት ወረቀት ወደቀች። ሁለት ጣት የምትሰፋ፣ ዳርና ዳሯ የተጠቀለለ፣ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ። አነሳኋት። ባዶ ናት። ገለበጥኳት፣ ባዶ። ወደ መስኮቱ አዞርኳት፤ ከላይ ጥላ የመሰለ ነገር አለ፣ የሱቅ ስም ይሆናል፣ ከታች ደግሞ አንድ ቁጥር፣ ወይ 7 ነው ወይ 1። ሌላ ምንም።

እነዚያ ደረሰኞች ቀለም የላቸውም እኮ። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ አለው፣ ማሽኑ እያሞቀ ነው የሚጽፍበት። ስለዚህ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ሲያገኘው፣ የእጅ ቅባት ሲነካው ይነጣል፤ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ይጠቁራል። የሚፈለግ ደረሰኝ ካላችሁ በዕለቱ ፎቶ አንሱት። ይሄን ለወንድሜም እየነገርኩት ነበር፣ ወረቀቷን ይዤ፣ እንደ አስተማሪ። ከዚያ ጨመደድኳትና ካርቶኑ ውስጥ ወረወርኳት።

«እሱን ስጭኝ።»

ቀና ስል እማዬ እጇን ዘርግታለች። ጀበናው በሌላኛው እጇ ነው።

«ባዶ እኮ ነው እማዬ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ስጭኝ።»

አውጥቼ ሰጠኋት። ጀበናውን አስቀመጠች። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዘረጋቻት። አንዴ። ደገመች። ጨምድጄያት ነበርና አልቃና አለች፣ መስመር መስመር ሠርታለች። ከዚያ አጥፋ አጥፋ ትንሽ አደረገቻትና የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፣ ድሮ ሳንቲም እንደምትቋጥርልን። ጀበናውን አንስታ ቶናውን ቀዳች። ስኳር ጨመረችልኝ። ማንም ምንም አላለም። ወንድሜም ካርታውን አንድ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነሳው መሰለኝ።

ይሄው ነው የሆነው። ሌላ የለም።

ግን ሦስት ቀን ሙሉ «ባዶ እኮ ነው» ያልኩት ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። አባባሌ። ከበደኝ። እሷ እኮ ላንብባት ብላ አይደለም የፈለገቻት። ምን ነበር ወረቀቱ? መድኃኒት ነው? በመጨረሻው ዓመት፣ 2012 መሆኑ ነው፣ አባዬ ራሱ ነበር ፒያሳ ወርዶ መድኃኒቱን የሚገዛው፣ እምቢ ብሎ፣ በዱላ። ወይስ ሌላ ነገር ነው፣ ለእሷ የገዛላት? እኔ የማላውቀው? የባንክ ደብተሩ የእሱ ነው፣ የከተታት እሱ ነው ማለት ነው። ወይም እሷ ናት። አላውቅም። ልጠይቃት እችል ነበር። ቶናው ላይ፣ በረካው ላይ፣ ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ። አልጠየቅኩም።

እና ደግሞ ያ ማዳበሪያ ከየት እንደመጣ ረስቼው ነበር። ማለቴ አውቃለሁ፣ ግን ቤት የሚያጣብብ ዕቃ ስንለው ስንለው ረሳሁት። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደርሶብን ከቤት ስንወጣ እማዬ ልብስ አልያዘችም። በጥቁር ፌስታል ካርታውንና የእኛን ሰርተፍኬት ይዛ፣ በኮምቦልቻ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን። ሌላው ሁሉ እቤት ቀረ። ከተማው ነፃ ወጥቶ ስንመለስ መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል፣ ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ላይ የጫማ ዳና አለ። እኔ የተበላሸውን የተሰበረውን ዕቃ ነበር የምቆጥረው። እሷ ተንበርክካ ወረቀት ትለቅማለች። አንድ በአንድ። አልለየችም። ቢሉንም፣ የትምህርት ቤት ካርዱንም፣ ያረጀ ካላንደሩንም፣ ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችና አፉን አሰረችው።

ከዚያ እኛ በዚህ ሁሉ ዓመት «እማዬ ይሄን ነገር እንጣለው» ስንላት...

ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ክላሰሮቹ ያምራሉ። ይሄን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደግሞ እውነት ነው። አሁን ካርታው የት ነው ብትሉኝ በአንድ ደቂቃ አወጣዋለሁ፣ ስልኬም ላይ አለ፣ የወንድሜም ስልክ ላይ አለ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ጥሎ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መቀጠል አለብን፣ ግማሹ ማዳበሪያ ገና አልታየም። ግን ካርቶኑን ውጭ አላወጣሁትም። በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ልጥል ተነስቼ እንደገና እመለሳለሁ፣ አንድ አንዱን እንደገና አያለሁ፣ የታክሲ ቲኬት ሳይቀር። እማዬ ሳታይ ልጣለው? እሷ ታየው? ሁሉንም እያነሳሁ «ይሄስ?» ልበላት? ይሄ ደግሞ ቁስል መነካካት ይሆናል...

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ልብስ አጥባ ነበር። ሻሹ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ አሁንም ከዚህ ይታየኛል፣ ዝናቡ ደግሞ እያጠበው ነው። ጫፉ ተፈትቷል። ቋጠሮ የለውም።

የት እንዳደረገቻት... ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ። አቤት እማዬ!