ቁስል ሳይታይ የሚያነክስ ፈረስ

[ምስል፦ ማለዳ፣ ቢሾፍቱ። ዳማ የጋሪ ፈረስ በኮብልስቶን ላይ በሶምሶማ ይመጣል።]

ይህን ፈረስ ልብ ብላችሁ እዩት። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፤ ገብሱንም ጥርግ አድርጎ በልቷል። አረማመዱ ግን ልክ አይደለም። ባለጋሪው «ሲሞቀው ይተወዋል» ይላል። እኔ ግን ዛሬ ጋሪው ቢፈታለት እመርጣለሁ። ፈረስ ሕመሙን ችሎ የሚሠራ እንስሳ ነው፤ ትንሽ ካነከሰ ትንሽ ነው የታመመው ማለት አይደለም።

መጀመሪያ የትኛው እግር እንደሆነ እንለይ። ደረቅና ደልዳላ መሬት ምረጡ። አንድ ሰው ገመዱን አላልቶ ቀጥ ባለ መስመር በሶምሶማ ይውሰደው። ገመዱ ከተወጠረ ምንም አይታያችሁም፤ ምክንያቱም የምናየው ጭንቅላቱን ነው።

[ምስል፦ ያው ሶምሶማ በዝግታ።]

የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ጤነኛውን እግር ሲያሽ ይውላል። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላው ቆማችሁ ዳሌውን ተመልከቱ፤ በታመመው በኩል ያለው ከሌላው ይበልጥ ይወጣል ይወርዳል። ሁለቱም የፊት እግሮች ካመሙት ደግሞ ጭንቅላቱን ላይነቀንቅ ይችላል፤ እርምጃው ብቻ ያጥራል።

አሁን ወደ ኮቴው። «ትከሻው ነው» ተብሎ ስንት ፈረስ በጋለ ብረት ተተኮሰ! የፊት እግር ማንከስ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ኮቴ ነው። እባካችሁ ብረቱን ተዉትና እግሩን አንሡ። እበቱንና ጭቃውን ጠርጋችሁ እጠቡት፤ ጠጠር፣ ሽቦ፣ ሚስማር ፈልጉ። የተሰካ ሚስማር ካገኛችሁ ሐኪም በቅርብ ካለ አትንቀሉት፤ የገባበትን አቅጣጫ ማየት አለበት። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ስለሚያዝ የክትባቱንም ነገር ለሐኪሙ አንሡለት።

[ምስል፦ መዳፍ በኮቴ ላይ።]

ፈረሱ ሥራ ሳይጀምር፣ ፀሐይም ሳያገኘው የሁለቱን ኮቴዎች ሙቀት በመዳፋችሁ አወዳድሩ። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ግራና ቀኝ የደም ሥሩን ዳስሱ። ጤነኛ ሲሆን ትርታው ለጣት እምብዛም አይሰማም። አንዱ እግር ላይ ድው ድው ካለ ኮቴው ውስጥ መግል እየቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ትንሽ ያነከሰው በሁለት ሦስት ቀን እግሩን መርገጥ ያቅተዋል። ጫማ የተመታለት በቅርቡ ከሆነ ሚስማሩ ሥጋውን ነክቶት ይሆናል። እህል ሰርቆ በልቶ ሁለቱም የፊት ኮቴዎቹ ከጋሉ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች ካያችሁ ንድፊት የሚባለው ተላላፊ የፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን ለሌላ ፈረስ አታውሱ።

ምንም ካልተገኘስ? ለስላሳና ደረቅ ቦታ ላይ ይረፍ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በስልካችሁ ቅረጹት። ማስታገሻ ሰጥታችሁ ወደ ጋሪው አትመልሱት፤ ሕመሙ ሲደበቅ ጉዳቱ ይብሳል። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው ሐኪም ጥሩ።

[ምስል፦ ሐኪም እግሩ ሥር ተንበርክኮ።]

ሐኪሙ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከኮቴው አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ በየደረጃው ሊወጋ ይችላል። ማንከሱ የቆመው የትኛው መርፌ ላይ እንደሆነ የሕመሙን ቦታ ይነግረዋል። የቀረጻችሁትንም አሳዩት፤ ፈረስ እንግዳ ሰው ሲያይ ደንግጦ ማንከሱን የሚተውበት ጊዜ አለ።