ታዲያ ማን ተታለለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ድምፄ የሻከረው በጉንፋን ነው፤ ይህን የምቀዳበትን ቁም ሣጥን አትውቀሱት። ባለፈው ክፍል ስለ ማስተጋባቱ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤ ሁለት ብርድ ልብስ ጨምሬበታለሁ፤ አሁን ውስጡ መተንፈስ ራሱ ሥራ ሆኗል። ስለ ሕንፃችን ሊፍት ምንም አልልም። ኮሚቴው ያዳምጠኛል።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ማስታወሻም ይዤ ነበር፤ እህቴ "አንድ ጊዜ እንኳ ከማስታወሻሽ አትውጪ" ብላ ለምናኛለች። ይቅርታ፣ እህቴ። ጋሼ ጋራዥ ስለ መኪና ጭስ ምርመራ የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ጋሼን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ለማያውቁ፣ መካኒክ ናቸው፤ ስለ ሠርጉ ያወራሁበትን ክፍል አዳምጡ፤ ጄኔሬተሩን ሱፍ እንደ ለበሱ የጠገኑት እሳቸው ናቸው።

ተክለ ሃይማኖት፣ ጋራዡ በር ላይ፣ በተገለበጠች የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ረቡዕ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ወደ ኋላ እየተነዳ ገባ። ሹፌሩ ወረደ፤ ጋሼን በትከሻ ሰላም አላቸውና "ጋሼ፣ ነገ ምርመራ አለብኝ፤ ጭሱን ይቀንሱልኝ" አላቸው። ሻይ ላይ ስኳር ይቀንሱልኝ እንደሚባለው፣ በዚያው ድምፅ።

ጋሼ ምንም አልጠየቁም። የጋቢናውን ወንበር አነሡ፤ ሞተሩ ከሥሩ ነው። ካቻቢቴና አንዲት ትንሽ ቁልፍ ይዘው ጎንበስ አሉ። የናፍጣ ፓምፑ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ መጠን የምትወስን ብሎን አለች። እሷን አላሏት፣ ትንሽ አዞሯት፣ መልሰው አጠበቋት። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ረገጠ። ጋሼ ነጭ ሶፍት ማርሚታው አፍ ላይ ያዙና ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። "ይበቃዋል" አሉ። ቀጥለው "ነገ ከምርመራው ስትወጣ መልሰህ አምጣው፤ ያለዚያ የቸርችል ጎዳናን ዳገት አታወጣውም።"

እኔ እየሳቅኩ፣ በእውነት እየሳቅኩ ነው፣ "ጋሼ፣ ይህ ማጭበርበር አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዞሩ። "መርማሪው የሚለካው ምንድን ነው?"

"ጭስ።"

"አሁን ጭስ አለ?"

"አሁንማ የለም።"

"ታዲያ ማን ተታለለ?"

ሕጉ፣ አልኳቸው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። "ሕጉን ያወጣው ሰው ቸርችልን በምን እንደሚወጣ ጠይቀሽ ንገሪኝ" አሉና ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። ሹፌሩ ደግሞ በጣም በትሕትና "እህቴ፣ እኔ እኮ ሙሉ ሰው ጭኜ ነው የምወጣው" አለኝ።

በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ማንም አልተቆጣም። የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሌባ እንኳ ዙሪያውን ያያል። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ግን ብሎኗ ስትዞር የሠራተኞቹ ልጆች እያዩ፣ ሻይ ያመጣችው ሴት እያየች፣ እኔ እያየሁ ነው። ነገ መርማሪውም ቦሎውን ሲሰጥ ሳይጠረጥር የሚቀር አይመስለኝም። ከነገ ወዲያ ለገሃር ላይ የሚሳፈረው ሰው ደግሞ ጥቁሩን ጭስ በዓይኑ ያያል፤ ቦሎውንም መስታወቱ ላይ ያያል። ሁለቱንም አይቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ፣ ታውቃላችሁ፣ "መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል" ይላል። የንፋሱ ነገር ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። ጭሱን ተቀብለን ንፋሱን የምንፈራ ሰዎች ነን።

ቤት ስገባ ስለ ቮልስዋገን ማንበብ ጀመርኩ። ለምን ቮልስዋገን? ምክንያቱም ጋሼ በቮልስ ይምላሉ። ሙያውን የተማሩት በቮልስ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ተጭነው ሲወሰዱ የነበረውን ታሪክ ሲያነሡ እንኳ የሚያዝኑት ለመኪናዋ ይሁን ለጃንሆይ አይለይም። "እንደዚያ ባለ ቀን እንኳ አልነሣም አላለችም" ይላሉ። ይህን ከአሁን በፊት ነግሬአችሁ ይሆናል።

እና ቮልስዋገን። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኩባንያው በናፍጣ መኪኖቹ ላይ ድብቅ ሶፍትዌር መጫኑን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ መኪናዋ እየተመረመረች መሆኑን ያውቃል። ጎማው እየተሽከረከረ መሪው ካልዞረ፣ ፍጥነቱ ምርመራው በሚጠይቀው መንገድ ብቻ ከፍና ዝቅ ካለ፣ "አሃ፣ እየለኩኝ ነው" ይልና ጭሱን ያጣራል። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን በጭሱ ውስጥ ያለው ጎጂ ጋዝ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ፣ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና! ነገሩን ያወጡት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መሐንዲሶች ናቸው። መለኪያውን መኪናዋ ላይ ጭነው በካሊፎርኒያ መንገዶች ነዷት። ያደረጉት ይህንን ነው፤ ከምርመራ ጣቢያው አውጥተው ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ለኩ።

አዲስም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰባት የከባድ መኪና ሞተር አምራቾች በተመሳሳይ ዘዴ ተከሰው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ስምምነት ጨርሰዋል። ሰባቱም! ይህን ሳነብ ጋሼ ከነካቻቢቴያቸው ምስኪን መሰሉኝ።

የጦጣዎቹ ታሪክ ደግሞ አለ። እህቴ ይህን ቆርጠሽ እንዳታወጪው። እ.ኤ.አ. በ2014 አልበከርኪ፣ አሜሪካ፣ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ 10 ጦጣዎች የናፍጣ ጭስ እንዲተነፍሱ ተደረገ። ገንዘቡን ያወጡት የጀርመን መኪና አምራቾች ያቋቋሙት ቡድን ነው፤ ዓላማው የአዲሶቹ መኪኖች ጭስ ንጹሕ መሆኑን ማሳየት ነበር። ጦጣዎቹ እንዳይረበሹ ካርቱን ፊልም ተከፈተላቸው። ጭሱ የመጣው ከቮልስ ነው፤ ከአዲሷ ሞዴል። ያቺ ቮልስ ደግሞ ያ ሶፍትዌር የተጫነባት ነበረች። ሳይንቲስቶቹም አያውቁም፤ ጦጣዎቹም አያውቁም። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱም... ካርቱኑ ነው መሰለኝ። አንድ ሰው ተቀምጦ "ካርቱን እንክፈትላቸው" ብሎ አስቧል። ደግነት ነው እኮ! በዚያ ሁሉ መሐል ደግነት።

የት ነበርኩ? አዎ። እዚያ የተታለለ ሰው አለ። ተቆጣጣሪው ተታልሏል፤ "ንጹሕ ናፍጣ" የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ የገዛው ሰው ተታልሏል፤ ስለዚህ የሚካሰስ አለ፣ የሚቀጣ አለ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሥራ ለቀቀ። እኛ ጋ ግን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ያጋልጠዋል? ጋሼን "ይህ ማጭበርበር አይደለም?" ስል አንድ የተደበቀ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር መሰለኝ። ለማን እንደምነግረው ሳስብ ግን የማያውቅ ሰው አጣሁ።

ደግሞ ጋሼ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ይህ ነው ያስቸገረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ኦክሲጅኑ ያንሳል። ናፍጣ በደንብ የሚቃጠለው አየር ሲበቃው ነው። ሲጎድለው ያልተቃጠለው ይጠቁርና በማርሚታ ይወጣል። በዚህ ላይ ያረጀ ሞተር፣ ሙሉ ሰው፣ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ዳገት። ብሎኗን አዙረህ ነዳጁን ከቀነስክ ጭሱ ይቀንሳል፤ መኪናው ግን አይወጣም። ነዳጁን ከጨመርክ ይወጣል፣ ያጨሳል። ሹፌሩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ የሚበላው ከመውጣቱ ነው። ምርመራው ደግሞ ቆሞ ነው። ዳገት የለውም።

ግን ሊስትሮዎቹስ? ቸርችል ጎዳና ጠርዝ ላይ ስትቀመጡ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጫማ የሚያስጠርገው ሰው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚጠርገው ልጅ ዝቅ ብሎ። ልጁ አፍንጫው ያለው ልክ ማርሚታው ከፍታ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ ከትንባሆና ከአስቤስቶስ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው የሚሉኝን አውቀዋለሁ፦ "ታክሲው ካልመጣ የሊስትሮው ደንበኛ በምን ይመጣል?" እኔም እንደገና መልስ አይኖረኝም። ወይም ይኖረኛል፤ ግን መልሴ ከሥራ ወጥቶ በልቶ ላደረ ሰው የሚሆን መልስ ነው።

ይቅርታ፣ ውኃ ልጠጣ።

ከጭስ ጋር ያለን ግንኙነት ራሱ ግራ ነው። ዕጣን፣ ወይባ፣ ቡና... ጭስ ለእኛ ቤት የገባ በረከት ነው። ኅዳር 12ን አስቡት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲያጠፋት፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ሲተርፉ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ ሰብስበን እያቃጠልን በሽታውን እናባርራለን። ኅዳር ሲታጠን! የሕዝብ ጤና ዘመቻ ነበር እኮ፤ ያውም ማንም ሳያስገድደው ሕዝቡ መቶ ዓመት ያቆየው። አሁን የምናቃጥለው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። እናቴ ግን በዚያ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ በደንብ ወደ ውስጥ ትስባለች። ያድናል ትላለች። እኔ ልክዳት? አንድ ጊዜ ልነግራት ሞክሬ "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር በሽታ ታደርጊዋለሽ" ብላኝ አብረን ሳቅን።

በፊት ጠዋት ጠዋት የአሜሪካ ኤምባሲ የሚለካውን የአየር ጥራት ቁጥር እመለከት ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ "የዛሬ ሳምባችን" እያልኩ የምቀልደው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከየኤምባሲዎቹ የሚመጣውን ያንን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፤ እኔ ጠዋት የማየው ቁጥር ከዚያ ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም። ቁጥሩ ሲጠፋ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለጥቂት ቀናት አየሩ የተሻለ መሰለኝ። ያለ ብሎን፣ ያለ ካቻቢቴ።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪኮቹን በየመንገዱ እያየን ነው፤ ጸጥ ብለው አጠገብህ ሲደርሱ ያስደነግጣሉ። ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነው። ያሉት አሮጌዎች ግን የትም አልሄዱም። አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን ያስጠግናል፤ የሚያስጠግነው ደግሞ ጋሼ ጋ ነው። ስለዚህ የጋሼ ብሎን ገና ብዙ ዓመት ትዞራለች፤ ወይም ላትዞር ትችላለች። እኔ ምን አውቄ።

ለነገሩ እዚያ ለምን እንደሄድኩ አልነገርኳችሁም። የአባቴ ፒክአፕ ቦሎ ማሳደሻው ደርሷል። ያችን ፒክአፕ ታውቋታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጥላን የቀረችው። ናፍጣ ነች። አባቴ "ለጋሼሽ ውሰጂለት፣ እሱ ያውቅበታል" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ምን እንደሚያውቁበት እስከ ረቡዕ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ጋሼ ሰኞ ጠዋት አምጪያት ብለዋል። በደንብ ልትጠገንም ትችላለች እኮ፤ ኖዝሎቹ ይቀየራሉ፣ ፓምፑ ተፈትቶ ይሠራል፤ ዋጋውን ጠይቄአቸው ሲስቁ ነው መልሱን ያወቅሁት። አባቴ ጡረተኛ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ቁም ሣጥን የማገኘውን ታውቃላችሁ።

እስቲ ሰኞ... ሰኞ ቀን ሥራ አለኝ ለነገሩ። ወንድሜ ይወስዳት ይሆናል።