ያን ቀን የወደቀው ሃርድ ዲስክ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው የማወራው፤ ከላፕቶፕ ውጭ ሆኖ በኬብል ስለሚሰካው የፋይል ማስቀመጫ። ለእኔ የዕቃ ግዢ ወሬ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ላፕቶፔ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የቤተሰብ ፎቶዎችንና እናቴ ስታወራ የቀዳሁትን ድምፅ ወደ አንድ ኤክስተርናል ወሰድኳቸው። ካት አድርጌ ነው የወሰድኳቸው፣ ኮፒ አላደረግኩም። ላፕቶፑ ላይ ምንም አልቀረም። አንድ ማታ ዲስኩ እየሠራ ሳለ ኬብሉ እግሬን ያዘኝና ከጠረጴዛ ወደቀ። መልሼ ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሌላ ምንም የለም። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በመሃላቸው የሰው ፀጉር እንኳ አያልፍም። እየዞረ ከወደቀ ጫፉ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ እባካችሁ፣ ንቀሉትና ተዉት። እኔ ደጋግሜ ሰካሁት። እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ስለዚህ አሁን አንድ ሰው "የትኛውን ልግዛ?" ሲለኝ ስንት ቴራባይት እንደሚፈልግ አልጠይቅም። "ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው ወይስ መሳቢያ ውስጥ?" ነው የምለው። ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ኤስኤስዲ ይሁን፤ በሳህን ፋንታ ፋይሉን ሚሞሪ ቺፕ ላይ የሚይዘው ዓይነት ማለት ነው። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ መውደቅን በጣም ይችላል። ፈጣንም ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲገለብጥ፣ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ 500ም፣ 1000ም ይደርሳል። ላፕቶፓችሁ ያለው አሮጌው ዩኤስቢ 2 ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም በሰከንድ 40 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቀራሉ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቀዳዳ እዩ። ኬብሉንም እንዲሁ።

ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነና ብዙ ፋይል ካላችሁ፣ የሚሽከረከረው ይሻላል ባይ ነኝ። በዚያው ገንዘብ ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ኤስኤስዲ ፋይሉን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ ቻርጁ ቀስ እያለ ሊያልቅ ይችላል።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። 1 ቴራባይት ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ቢላችሁ አልተታለላችሁም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። እውነተኛው ማታለል ሌላ ነው። ጣት የምታህል፣ በርካሽ የምትሸጥ "16 ቴራባይት" ካያችሁ እለፏት። ውስጧ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ነው፤ ትልቅ መስላ እንድትታይ ተደርጋለች። ሲሞላባት አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ትጽፋለች፣ ወይም ተቀብላ ታጠፋዋለች። የምታውቁት ፋይሉን ልትከፍቱት ስትሉ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ሰው ትዝታውን አምኖ ነው የሚያስቀምጠው። አዲስ ዲስክ ስገዛ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልቼ ሳልፈትን ምንም አልጭንበትም።

ፎርማትም አለ፤ ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ዘዴ ማለት ነው። ከዊንዶውስና ከማክ ጋር የምትጠቀሙበት ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት። ማክ ኤንቲኤፍኤስን፣ የዊንዶውስን ፎርማት፣ ያነባል እንጂ እንዲሁ አይጽፍበትም። ኤክስፋት ግን በድንገት ሲነቀል ቶሎ ይበላሻል። ኮምፒውተሩ ላይ ኢጀክት የሚለውን ሳትጫኑ አትንቀሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ብሆን አንድ ባለ 4 ቴራባይት ከምገዛ ሁለት ባለ 2 እገዛለሁ። አንዱን ከላፕቶፑ አጠገብ፣ ሌላውን ሌላ ቤት፣ የማምነው ሰው ጋ አስቀምጣለሁ። ሌባም ውኃም ሲመጣ አንድ ቤት ነው የሚመጣው። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል፣ ዲስኩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይባልም።

የእናቴን ድምፅ አገኘሁት። ከመውደቁ ከወራት በፊት ለእህቴ በስልክ ልኬላት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷ አላጠፋችውም። ሲላክ ስለተጨመቀ ጥራቱ ቀንሷል፤ ግን መሃል ላይ የምትስቀው ሳቅ በደንብ ይሰማል። ፎቶዎቹ አልተመለሱም።

ሁለተኛው ዲስክ አሁን እህቴ ቤት ነው። ቅዳሜ ስሄድ ሰክቼ የዚህን ወር ፋይሎች እጨምርበታለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ደህና ሁኑ።