የቀለለችው ቦርሳ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም የምናገረው ስለ ሰማያዊዋ የተራራ ጉዞ ቦርሳዬ ነው። ስለ እርሷ መስማት እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ባለፈው ወር «ጀርባዬ ላይ መኖሯን እስክረሳ ድረስ ተመችታኛለች» ብዬ የነገርኳችሁን ቃል ማንሳት ይኖርብኛል። ማንሳት ስል መሻር ይሁን ማረም ገና አልወሰንኩም።

አንዲት አድማጭ ከኮሎራዶ ጻፈችልኝ። የእኔን ምክር ሰምታ ያችኑ ዓይነት ቦርሳ ገዝታ፣ 12 ኪሎ ሞልታባት ሦስት ቀን ተራራ ለተራራ ስትጓዝ፣ ማንገቻው ባረፈበት መስመር ሁለቱም ትከሻዎቿ ተልጠዋል። በመልእክቷ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ «ምናልባት ማሰሪያውን ያጠበቅሁበት መንገድ ተሳስቶ ይሆን?» ብላ በትሕትና ነው የጠየቀችኝ። እኔም ማሰሪያው የት ላይ መዋል እንዳለበት ላሳያት ብዬ የሰሜን ተራሮች ጉዟችንን ፎቶግራፎች ሳገላብጥ፣ ግጭ ከሚባለው ሰፈር በታች የተነሳ አንድ ፎቶ ላይ ዓይኔ ቀረ።

በፎቶው ላይ የጉዞ ጓደኛዬ ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ በዕድሜ እኔን በሚበልጠው የሸራ ቦርሳቸው ጎን አንድ ቀይ ከረጢት ታስሯል። ከረጢቱን አውቀዋለሁ። ከተሰበረ ዣንጥላ ጨርቅ ቆርጬ በእጄ የሰፋሁት፣ አፉም በጫማ ክር የሚቋጠር፣ የድንኳኔን ዘንጎችና ካስማዎች የምይዝበት ነው። ያን ቀን በእኔ ቦርሳ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ከጉዞው በፊት ቦርሳዋን በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ እንዳስመዘንኳትና ባለወፍጮው «ይህ ጤፍ ነው ወይስ ገብስ?» ብሎ እንደሳቀብኝ ታስታውሳላችሁ። 12 ኪሎ ከ400 ግራም ነበረች። እኔ 62 ኪሎ ነኝ፤ በተለምዶ ለረጅም ጉዞ የሚመከረው ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛውን ባያልፍ ነው፤ ስለዚህ ልክ ከድንበሩ ላይ ቆሜ ተደስቼ ነበር። የደስታዬ ምንጭ ባዶዋ ቦርሳ 900 ግራም ብቻ መመዘኗ ነው። አሮጌዋ ቦርሳዬ ባዶዋን 2 ኪሎ ተኩል ነበረች።

ይሁን እንጂ ያ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ከየት እንደተቀነሰ ልብ ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። የተቀነሰው ከጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው አጥንት ጭምር ነው። አሮጌዋ በውስጧ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች ነበሯት፤ የእነርሱም ሥራ ሸክሙ ወደ ታች እንዳይሰበሰብ ደግፎ ወደ ወገብ ቀበቶው ማውረድ ነው። ቀበቶው በዳሌ አጥንት ላይ በትክክል ሲታሰር አብዛኛውን ክብደት ዳሌ ይሸከማል፤ ትከሻ የሚቀርለት ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መያዝ ነው። ሰማያዊዋ ግን ከታጠፈ ስፖንጅ በቀር ሌላ መደገፊያ የላትም። እንዲህ ያሉ ቦርሳዎች እስከ 9 ወይም 10 ኪሎ ድረስ ገነት ናቸው፤ ከዚያ ሲያልፍ ጨርቁ ወገቡ ላይ ይታጠፍና ክብደቱ ሁሉ ተመልሶ ትከሻ ላይ ይወጣል። ይህን ዛሬ እንደ ሊቅ የምተነትነው እኔ፣ ያን ጊዜ በሱቅ ውስጥ ቦርሳዋን ባዶዋን ለብሼ በመስታወት ፊት የዞርኩት እኔው ነኝ። ባዶ ቦርሳ የማይመቸው ሰው ይኖር ይሆን?

አሁን ወደዚያች ደቂቃ ልመለስ፤ ከፎቶው ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩባት አልቆጠርኩም። ከሳንቃበር ሰፈር ተነስተን፣ የጅንባር ፏፏቴን ከማዶ ለማየት ወደ ገደሉ አፍ የሚያወጣው ቅያስ ላይ ደርሰናል። እስከዚያ ድረስ ትከሻዬ ይነድ ነበር፤ አውራ ጣቶቼን በማንገቻው ሥር አስገብቼ ነበር የምሄደው፤ ጋሼም ይህን ከኋላ ሆነው አይተዋል። «ሂጂ ፏፏቴውን እይው፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቦርሳዎቹን እጠብቃለሁ» አሉኝ። ከስካውታችን፣ ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ሄድኩ፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ስመለስ ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ቦርሳዬን አንስተው በጀርባዬ ላይ አዋሉልኝ፤ ቀበቶውን አሰርኩ፤ አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን «አሁንስ እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ተላመድኩት» አልኳቸው።

በዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። «አሁንስ» አሉ እኮ። ጠዋት ከሳንቃበር ስንነሳ «እንዴት ነው?» ብለው ነበር፤ ከዕረፍቱ በኋላ ግን «አሁንስ» ሆነ። በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ ሁሉን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን በብርታቴ ስኮራ አልሰማኋቸውም። ግጭ ሰፈር ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት ሮጥኩ፤ ስመለስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሻይ ፈልቷል። ዘንጎቹ ከየት መጡ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ለምግብ ማብሰያ የያዝኩት 2 ሊትር ውኃም በማን ጀርባ እንደወጣ አልጠየቅሁም። 2 ሊትር ውኃ 2 ኪሎ ነው፤ ዘንጎቹና ካስማዎቹ 1 ኪሎ ያህል። ከ12 ኪሎ ከ400 ላይ 3 ኪሎ ሲቀነስ 9 ኪሎ ከ400 ይቀራል። ቦርሳዋ የተመቸችኝ ለዚህ ነው። የ61 ዓመት ሰው፣ የወገብ ቀበቶ በሌለው የሸራ ቦርሳ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለ ዳገት ላይ፣ 3 ኪሎዬን ተሸክመውልኝ እኔ ለእናንተ የቦርሳ ምስክርነት ሰጠሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አይደለም፤ ንዴት ነው። ሸክሜን በራሴ ልሸከም ብዬ አልነበረም እንዴ በቅሎውን እምቢ ያልኩት? (ወደ በቅሎው ክርክር ደግመን አንገባም፤ ጋሼ ልክ ነበሩ።) ቦርሳዋን ልፈትን ሄጄ ፈተናውን ሌላ ሰው ሠራልኝ። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ደግሞ እፍረት ነው፤ ከእፍረቱም በኋላ፣ ምን እላችኋለሁ፣ ሳቅ መጣ፤ ምክንያቱም በቀረው መንገድ ሁሉ ስለ ቀላል ቦርሳ ጥቅም ሳስረዳቸው የሄድኩት እርሳቸውን ነው።

እሑድ ከእንጦጦ ስንወርድ እንጨት የተሸከሙትን ሴቶች አየሁ። በገመድ ብቻ ነው የሚያስሩት፤ ሸክሙ ታችኛው ወገባቸው ላይ እንዲያርፍ አጎንብሰው ይወርዳሉ። ዳሌ ከትከሻ እንደሚበረታ ከማንም ካታሎግ አልተማሩትም... ይህን ሐሳብ ግን ልተወው፤ የእነርሱን ሸክም የቦርሳዬ ማብራሪያ ማድረጉ ደስ አላለኝም።

ለኮሎራዶዋ እህቴ ግን መልስ አለብኝ። እህቴ፣ ማሰሪያውን ያጠበቅሽበት መንገድ አልተሳሳተም። ራስሽን ዝቅ አድርገሽ በአንገትሽ ሥር ከምትወጣው ጉብ ያለች አጥንት እስከ ዳሌ አጥንትሽ የላይኛው ጫፍ መስመር ድረስ ሰው ይለካልሽ፤ የቦርሳ ልክ የሚመረጠው በዚያ እንጂ በቁመት አይደለም። ሱቅ ስትሄጂ የምትይዢውን ክብደት ሞልተሽ ልበሺውና ደረጃ ውጪበት። ከ10 ኪሎ መውረድ ካልቻልሽ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ጨምረሽ አጥንት ያለውን ግዢ፤ የዚያ ቦርሳ ክብደት ለትከሻሽ ዕረፍት ነው። ይመስለኛል። ምስክርነቴ ምን ያህል እንደሚያወጣ አሁን አይተሻል።

ጋሼን ገና አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው «የቱን ከረጢት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ፎቶውን ባሳያቸው ደግሞ ብርቱካን መላጥ ይጀምራሉ። የፊታችን እሑድ ወደ ወንጪ እንሄዳለን። ትናንት ማታ ቦርሳዋን እንደገና ሞልቼ፣ ውኃውንም ዘንጎቹንም ጨምሬ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ፤ በሃያኛው ደቂቃ ላይ ጨርቁ ወገቤ ላይ ታጠፈ። አሮጌዋን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኳት። አሁን ሁለቱ ቦርሳዎች አልጋዬ ላይ ተጋድመዋል፤ ቀዩ ከረጢት ደግሞ እዚህ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ነው። ክሩ ላይ ያለው ቋጠሮ የእኔ አይደለም፤ እኔ እንዲህ አላስርም። እስካሁን አልፈታሁትም።