እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይደመጥ

(በጅማ ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ በወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ርዕሰ መምህራችን፣ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አካም ቡልተን? ሥራችሁን ትታችሁ መጥታችኋልና ፈጣሪ ያክብርልን።

እዚህ አዳራሽ ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አጥር፣ ስለ ቀለምና ስለ ወንበር ነው። ያስፈልጋሉ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መምህሩ ቢጮህ እንኳ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እንደማይሰማው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮርኒሱ መግባት አለበት። የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ልጆቻችን ማንበብ ሳይችሉ ክፍል እያለፉ ነው።

በቅርቡ ከኮሚቴው አባላት ጋር ክፍል ገብተን ነበር። አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፏን ገልጣ አነበበችልን። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ሁላችንም ደስ አለን። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ጣቷ ያረፈው ከምትለው ቃል ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ነው። ከመካከል አንድ ቃል አሳየኋትና «ይቺስ ምን ትላለች?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ከገጹ መጀመሪያ ተነስታ፣ በለሆሳስ እያለች፣ እዚያች ቃል ላይ ለመድረስ ሞከረች። ገጹን በሙሉ የያዘችው በቃሏ ነው።

ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። አንድ ሙሉ ገጽ በጆሮዋ ሰምታ የያዘች ልጅ ጎበዝ ናት። ክፍሉ በሙሉ አብሮ ሲያነብ አብራ ትላለች፣ ድምጿ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል፣ ማንም አያውቅባትም። ለብቻዋ ቁጭ አድርጎ ያስነበባት ሰው ስለሌለ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እነዚያ ተፈታኞች ፊደል የቆጠሩት ያ ምዘና በተደረገበት ዘመን አካባቢ ነው። ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን አንዱ ሥር እዚያ ታች እንደሆነ አምናለሁ። በ2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ5ኛ ክፍል ሳይንሱንም ሒሳቡንም በምን ያንብበው?

መምህራኖቻችንን መውቀስ አልፈልግም። እስቲ አብረን እናስላ። በመመዘኛው አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል መያዝ ያለበት 50 ልጅ ነው። ክፍሉ 70 ልጅ ይዟል እንበል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ መምህሯ ልጆቹን ብቻ ላስነብብ ብትል ለአንዱ የሚደርሰው ወደ 34 ሰከንድ ነው። ደብተር ማረም አለ፣ ስም መጥራት አለ፣ ጠመኔ መፈለግም አለ። ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሰው ሲበዛ ግን ቅጽ መሙላት ብቻ ይሆናል።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁበት ነበር። የኔታ ዘንድ ልጁ ሀ ሁ ሂን ከዳር እስከ ዳር ከወረደ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ረድፉ ተዘበራርቆ ይመጣል። በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በዓይኑ የለየው ያልፋል። ቁርአን ቤትም ልጁ ሎሁን፣ የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዞ ሼኩ ፊት ይቀርባል፣ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሄድም። በሁለቱም ቤት ልጁ በራሱ አፍ፣ ለብቻው፣ ትልቅ ሰው ፊት ያሰማል። ዱላውን አልናፍቅም፤ ይቅር። ያን ማሰማት ግን ለምን ተውነው?

በኦሮምኛ የሚማረውም በቁቤው፣ በአማርኛ የሚማረውም በፊደሉ ያው ነው። በየትኛውም ቋንቋ ይማር፣ በቅጡ ማንበብ አለበት።

ስለዚህ ኮሚቴው ከመምህራን ጋር ተነጋግሮ ያመጣው ሐሳብ ይሄ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በየቀኑ አሥር አሥር ልጅ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ራሱ ያንብብ፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ነው። 70 ልጅ ያለው ክፍል በሰባት የትምህርት ቀን ይዳረሳል። የሚነበበው ከመጽሐፉ ሳይሆን መምህሯ በዚያው ቀን ከጻፈቻት አዲስ አጭር ጽሑፍ ነው፤ በቃል የተያዘ ነገር እንዳይሆን። ያልቻለው ልጅ ስም ይያዛል፤ ለማሳፈር ሳይሆን ከሰዓት ለማስጠናት።

መምህሯ ብቻዋን አትችለውም። የመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኞች ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ወደ ትምህርት ቤቶች ይወጣሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ የታወቀ ነው። ለሁለቱም ደብዳቤ እንጽፋለን።

የቀረው የእኛ የወላጆች ነው። «እኔ ራሴ መች ተማርኩና» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ማንበብ ባትችሉም ማስነበብ ትችላላችሁ። ማታ ጀበናው ሲጣድ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። ጣቱ ከቃሉ ጋር ይሄዳል? ዓይኑ ገጹ ላይ ነው ወይስ ጣሪያው ላይ? ከታች ወደ ላይ አንብብ ሲባል ይቆማል? ይህን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብታዝኑብኝም እላለሁ። ቡና ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የለቀማ ገንዘብ ለብዙ ቤት የዓመት ልብስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል ልጅ ፊደል በሚለይበት ሰሞን ሳምንታት ከቀረ፣ ሲመለስ ክፍሉ ጥሎት ሄዷል። ትንንሾቹን እባካችሁ ተዉልን። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከፈረቃቸው ውጪ ይሁን።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት መጥቶ ልጆች ማስነበብ የሚችል ሰው፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን በተለይ፣ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ፈረቃ አስመዝግቡ። ሰኞ ጠዋት ከ1ኛ ክፍል እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።