ቤት ሸጦ ኪራይ መግባት፦ በብሪታኒያ የጡረተኛው ድጎማ ምን ይሆናል?

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳይ በብሪታኒያ የራሳቸው ቤት እያላቸው ፔንሽን ክሬዲት፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጠውን ድጎማ፣ የሚያገኙ አባቶችንና እናቶችን ይመለከታል። ደረጃ መውጣቱ ጉልበታቸውን የፈተነው፣ የጣሪያው እድሳት ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ሰዎች «ሸጬ ኪራይ ብገባ ድጎማዬን አጣለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እስቲ ጎተራን አስቡ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በእንጨት ተማግሮ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ ክዳን ለብሶ ከደጅ ይቆማል። ውስጡ ያለው ጤፍ ስንት ኩንታል እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ በግምት እንጂ በልክ አይናገርም፤ እህሉ እዚያ እስካለ ድረስ ቁና ይዞ የሚመጣበት የለም። ከታች ያለው ውታፍ ተነቅሎ እህሉ ምንጣፍ ላይ ሲፈስ ግን ቁናው ይመጣል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ይሰፈራል። የምትኖሩበት ቤት እንደዚያ ጎተራ ነው። ዋጋው ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ቢደርስም እናንተ እስከኖራችሁበት ድረስ ፔንሽን ክሬዲት አይቆጥረውም። ተሽጦ ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ግን ውታፉ ተነቅሏል፤ እህሉ ምንጣፉ ላይ ነው። ሌላ ቤት ለመግዛት የታሰበ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ሳይቆጠር ሊቆይ ይችላል፤ ኪራይ ለሚገባ ሰው ግን ይህ ፋታ የለም።

አሰፋፈሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው 10,000 ፓውንድ አይነካም። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ 500 ፓውንድ፣ ያልሞላውም ጭምር፣ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳስገኘላችሁ ይታሰባል፤ 60,000 ፓውንድ ያለው ሰው በሳምንት 100 ፓውንድ ተጨማሪ ገቢ እንዳለው ይቆጠራል ማለት ነው። ለኪራይ መክፈያ የሚሰጠው ድጎማ፣ ሃውዚንግ ቤኔፊት፣ ደግሞ የፔንሽን ክሬዲት ጋራንቲ ክፍያ (ሳምንታዊ ገቢን እስከ ተወሰነ መጠን የሚሞላውን ክፍል) ለማያገኝና ከ16,000 ፓውንድ በላይ ላለው ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ ኪራዩን ከሽያጩ ገንዘብ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ሲቀንስ እንደገና ያመለክታል። ማመልከቻው እንዴት እንደሚሞላ ባለፈው ቪዲዮ ስላሳየን አልደግመውም፤ ሰብስክራይብ ያደረጋችሁ ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከተመልካቾቻችን በተደጋጋሚ የሚደርሰን አንድ ሐሳብ ግን አለ፤ ሳልመልሰው ማለፍ አልፈልግም። «ገንዘቡን ቶሎ ለልጆቼ ባካፍለው፣ ወይም አዲስ አበባ ቤት ብገዛበት አይቆጠርብኝም» የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ሰውንም ክፉኛ ይጎዳል። ድጎማ ለማግኘት ወይም ለማብዛት ሲባል ሀብትን ከእጅ ማውጣት በሕጉ ይታወቃል፤ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንዲያ ነው ብሎ ከወሰነ፣ የሰጣችሁት ገንዘብ አሁንም በእጃችሁ እንዳለ አድርጎ ይቆጥረዋል። እህሉን ጎረቤት ጓሮ ብታፈሱትም ቁናው ተከትሎት ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የገዛችሁት፣ ግን የማትኖሩበት ቤትም ሀብት ነው፤ ማሳወቅ ይገባል። ልጅን መርዳትና አገር ቤት ጥላ ማኖር ክቡር ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኪራይ የምትከፍሉበትን ገንዘብ ሰጥታችሁ ድጎማውም ሲቀር የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ። ዕዳ መክፈል፣ ኪራይ መክፈል፣ ለአዲሱ ቤት አልጋና ማቀዝቀዣ በልክ መግዛት ግን ችግር የለውም።

«ስቴት ፔንሽኔስ?» ለምትሉ፣ እሱ የመንግሥት መደበኛ ጡረታ ነው፤ በሥራ ዘመናችሁ በተከፈለ መዋጮ የሚገኝ ስለሆነ በቤት ሽያጭ አይነካም።

ሌላው ጥንቃቄ ልጅ ቤት መግባት ነው። ከልጃችሁ ጋር አንድ ቤት እየኖራችሁ ለልጃችሁ ኪራይ ብትከፍሉ ሃውዚንግ ቤኔፊት አይሰጣችሁም። ቤታችሁን ሸጣችሁ ከገዢው መልሳችሁ ብትከራዩትም፣ ባለቤትነታችሁ ካበቃ 5 ዓመት እስኪሞላ ድረስ፣ ባትሸጡት ኖሮ እዚያ መኖር የማትችሉ እንደነበር ካላስረዳችሁ በቀር፣ ይከለከላል።

በእኔ እምነት ከሽያጩ በፊት የምትገቡበት ቤት መታወቅ አለበት። ካውንስላችሁን (የአካባቢያችሁን አስተዳደር) ስለ ሼልተርድ ሃውዚንግ፣ ማለትም ለአረጋውያን ስለተዘጋጁ የኪራይ ቤቶች፣ ጠይቁ፤ ቤት ያለውን ሰው የሚቀበልበት ደንብ ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። ከግል አከራይ የምትከራዩ ከሆነ፣ ሃውዚንግ ቤኔፊት የሚሸፍነው ኪራይ እንደየአካባቢው ጣሪያ አለው። ቀድማችሁ ወደ ኪራይ ከገባችሁና አሮጌው ቤት ገና ካልተሸጠ፣ ለመሸጥ እውነተኛ እርምጃ ከጀመራችሁበት ቀን አንስቶ ለ26 ሳምንታት ዋጋው ላይቆጠር ይችላል፤ ምክንያት ካለም ይራዘማል። ሲትዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር አገልግሎት ድርጅት ይህን ሂሳብ ያለ ክፍያ አብሯችሁ ያሰላል።

ሽያጩ እንደተጠናቀቀ ፔንሽን ክሬዲትን ለሚከፍለው ፔንሽን ሰርቪስም ለካውንስሉም ወዲያው አሳውቁ። ጠበቃው የሚሰጣችሁን የሽያጭ ሂሳብ፣ የኪራይ ውሉን፣ የአልጋውንና የዕቃ ማጓጓዣውን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ ገንዘቡ አንሶ ስታመለክቱ ሠራተኛው ገንዘቡ የት እንደገባ ሲጠይቃችሁ የምታስረዱት በእነዚህ ወረቀቶች ነው።