ተያዥ አምጣ

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ከፋብሪካ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

«ሌባ እዚያው እስር ቤት ይበስብስ» ሲባል እሰማለሁ። የተበደለ ሰው ሲለው አልፈርድበትም። በሬው የተነዳበት የመንዝ ገበሬ መሬቱ ጦሙን እያደረ ስለ ማረምና ማነጽ ቢሰብኩት ምን ይገባዋል?

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን መግቢያው ላይ፣ ታራሚ እስር ቤት ከሚሰቃይ ሲወጣ የሚጠቅመውን ሙያና ትምህርት ቢቀስም ይሻላል ይላል። ታዲያ ቅጣት ቀረ ማለት አይደለም። እስራት እስራት ነው። ከልጅ ተለይቶ ማደር ምን እንደሆነ ቤቱ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

አመክሮን ደግሞ ብዙ ሰው «ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ይወጣል» ብሎ ብቻ ነው የሚያውቀው። የዚሁን ሕግ አንቀጽ 202 አንብቡት። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። ያደረሰውን ጉዳትም አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ካሳ ነው፤ የሚያወራለት ግን የለም። በሬውን ያጣው ሰው የሚፈልገው ይሄንኑ አይደል? ሽማግሌዎቻችንስ መቼ ያለ ካሳ እርቅ አውርደው ያውቃሉ? ታራሚ ሸማ ሠርቶ፣ ወንበር ገጣጥሞ ከሚያገኛት ሳንቲም ለተበዳይ የምትደርስ ነገር ትኑር ነው የምለው።

አሁን ከበሩ ውጭ እንምጣ። ሰውየው እንጨት ሥራ ተምሮ ወጣ እንበል፤ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ወይ ከሸዋ ሮቢት። ልብሱ በፌስታል፣ ሰርተፊኬቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፋብሪካ በር ላይ ቆሟል። ሰርተፊኬቱን ያዩለታል። ከዚያ «ተያዥ አምጣ» ይሉታል። ከየት ያምጣ? ደመወዝተኛ ዘመድ ቢኖረው እንኳ «ነገ ጥሎብኝ ቢጠፋስ?» ይላል። ፍርዱን ጨርሶ የወጣው ሰው እንደገና ይፈረድበታል፤ ዳኛው የሰው ሀብት ክፍል ነው። ይግባኝም የለው!

ሕጉ «መሰየም» የሚለው መንገድ አለ። ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በሕግ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ፣ ጠባዩ ታይቶ፣ ፍርድ ቤት ጥፋቱን ከመዝገብ ያሰርዝለታል። ጥሩ ነው፤ ግን ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ምን ይብላ?

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ካሳውን ከፍሎ፣ የተበዳይ ወገን መቀበሉን ሽማግሌ ለመሰከረለት ሰው እድሩ ተያዥ ይሁነው። ፋብሪካዎችም የእድርን ማኅተም እንደ ተያዥ ፊርማ ቁጠሩት። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች እንሞክረው። ሰው የገደለ፣ ሴት የደፈረ ሁሉ ነገ ይቀጠር አላልኩም፤ በቀላል ስርቆትና በጠብ ከገቡት እንጀምር።

የእድር ዳኞችና የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት እዚሁ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። የስምምነቱን ረቂቅ ይዤዋለሁ።